ስለ ፓላዞ ቬኪዮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍሎረንስ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስልኩ ውስጥ አንድ ፎቶ አይጠፋም። ቡናማ ድንጋይ፣ ጥርሳም ጫፍ፣ ከላዩ ረጅም ማማ የተሰካበት ትልቅ ቤት። አንድ ወዳጄ ፎቶውን አይቶ «ይሄ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ እስር ቤት?» ብሎኛል። ከልቡ ነው የጠየቀው፤ ጥያቄውም ሞኝ አይደለም። ቤቱ ጸሎት ቤትም እስር ቤትም ነበረው። ዋና ሥራው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ቤት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፓላዞ ማለት ቤተ መንግሥት አይደል? ታዲያ ንጉሡ ማን ነበር?

ንጉሥ አልነበረም። ጣሊያኖች «ፓላዞ» የሚሉት ማንኛውንም ትልቅ የከተማ ሕንጻ ነው፤ የባለጸጋ መኖሪያም፣ መሥሪያ ቤትም ሊሆን ይችላል። ይሄኛው የፍሎረንስ ሪፐብሊክ የመንግሥት ቤት ሆኖ ነው የተሠራው። ዛሬም የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ነው። ከፊቱ ያለው ሜዳ «ፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ» ይባላል። ፒያሳን እንኳን እኛም እናውቃታለን፤ አዲስ አበባ ላይ የሰፈር ስም ሆና ቀረች እንጂ ትርጉሟ አደባባይ ነው።

የንጉሥ ነገር ከተነሳ ግን ቀና ብላችሁ ከዋናው በር በላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ። በላቲን «የነገሥታት ንጉሥ፣ የጌቶች ጌታ» ይላል። ከራእይ ዮሐንስ የተወሰደ ነው። የአሁኑ ጽሑፍ በኋላ ዘመን የተጻፈ ነው፤ የሐሳቡ ምንጭ ግን እንዲህ ነው፤ ፍሎረንሶች በ1527 ከተማዋን ይገዛ የነበረውን ባለጸጋ ቤተሰብ፣ ሜዲቺዎችን፣ ካባረሩ በኋላ ምክር ቤታቸው ተሰብስቦ ክርስቶስን የከተማዋ ንጉሥ አድርጎ መረጠ። ዙፋኑ ተይዟል፣ ሌላ ሰው እንዳያስብ ማለታቸው ነው። ብልሃቱ የቆየው ግን ሦስት ዓመት አይሞላም። በ1530 ሜዲቺዎች በጦር ኃይል ተመለሱ።

መቼ ተሠራ? ማን ሠራው?

ሥራው የተጀመረው በ1299 ነው። ንድፉ የአርኖልፎ ዲ ካምቢዮ ነው ይባላል፤ የከተማዋን ካቴድራል የጀመረው ያው ሰው ነው። ሹማምንቱ ሕንጻው እስኪያልቅ አልጠበቁም። በ1302 ገብተው ሥራ ጀምረዋል። ማማው የቆመው እስከ 1310 አካባቢ ነው።

የፍሎረንሱ ባለቅኔ ዳንቴ በ1300 ለሁለት ወር ከከተማዋ ገዢዎች አንዱ ነበር። ቤቱ ያኔ ገና በግንባታ ላይ ነው። በ1302 ተቃዋሚዎቹ ሥልጣን ሲይዙ በሌለበት ሞት ፈረዱበት። ወደ ከተማው ሳይመለስ በስደት ሞተ።

ለምን ጠማማ ሆነ?

ከላይ የተነሳ ፎቶ ካያችሁ የጥንቱ ክፍል ቅርጽ ትክክለኛ አራት ማዕዘን አይደለም። ማዕዘኖቹ ይንጋደዳሉ።

ቦታው ላይ ቀድሞ የኡቤርቲ ቤተሰብ ቤቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ከተማዋ ለሁለት ተከፍላ ትፋጅ ነበር። የሮማው ጳጳስ ወገኖች ጉዌልፍ፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ወገኖች ጊቤሊን ይባላሉ። ኡቤርቲዎች የጊቤሊኖች አውራ ነበሩ። ጉዌልፎች ሲያሸንፉ አባረሯቸው፤ ቤታቸውንም ከመሠረቱ አፈረሱት። ዳግም ቤት እንዳይሠራበትም ቦታውን አደባባይ አደረጉት። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ጆቫኒ ቪላኒ እንደጻፈው፣ አዲሱ ቤተ መንግሥት ሲሠራ መሠረቱ የከሃዲዎቹን መሬት እንዳይነካ ተብሎ ወደ ጎን ተገፋ፤ በዚህም ምክንያት ተጣመመ። ቪላኒ ራሱ ይሄን አልወደደውም። በእሱ ሐሳብ ለቤቱ ቅርጽ ሲባል መሬቱን መጠቀም ይገባ ነበር።

ስለዚህ ጥመቱ የግንበኛ ስህተት አይደለም። ቂም ነው። የጥንት ጠብ በድንጋይ እንዲህ ተጽፎ የቀረበት ሌላ ቤት አላውቅም።

የከተማ አስተዳደር ቤት ለምን ምሽግ መሰለ?

ምሽግ ስለሆነ ነዋ። በዚያን ጊዜ ሥልጣን የሚነጠቀው በምርጫ ብቻ አልነበረም፤ በድንገት በር ሰብሮ በመግባትም ነበር። የታችኛው ፎቅ ላይ ያሉት መስኮቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። ወደ ላይ ሲወጣ ግን መስኮቶቹ ሰፊ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ በቀጭን አምድ ለሁለት ይከፈላል፣ ከላዩም የእብነ በረድ ቅስት አለው። ከታች ቁጡ፣ ከላይ ጨዋ ነው።

ድንጋዩ «ፒየትራፎርቴ» ይባላል፤ ጠንካራ ድንጋይ ማለት ነው። ከፍሎረንስ ዙሪያ ካሉ ኮረብታዎች የሚወጣ ቡናማ አሸዋማ ድንጋይ ነው። ፊቱ ተለስልሶ አልተጠረበም። ከጉድጓዱ እንደወጣ ሻካራና ጎባጣ ተደርጎ ተተወ። ይሄ የድህነት ወይም የችኮላ ምልክት እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ተብሎ ነው። የሚቀርበው ሰው እንዲፈራ ነው። በኋላ የፍሎረንስ ባለጸጎች ለየቤታቸው ይሄንኑ መልክ ቀድተውታል።

ከላይ ደግሞ ከግድግዳው ወደ ውጭ ወጣ ያለ ሰገነት አለ፤ በድንጋይ ቅንፎችና በትንንሽ ቅስቶች ላይ ነው የተሸከመው። ወለሉ ላይ ቀዳዳዎች አሉ። ጠላት በሩ ሥር ከደረሰ በቀዳዳዎቹ ድንጋይና የሚያቃጥል ነገር ይለቀቅበታል። ከቅስቶቹ ሥር በቀለም የተሳሉት ጋሻዎች የሪፐብሊኩና የከተማዋ አርማዎች ናቸው። ቱሪስት ሁሉ እነሱን ለውበት ፎቶ ያነሳቸዋል፤ አጠገባቸው ያሉትን ቀዳዳዎች ግን ብዙ ሰው አያስተውልም።

የጫፉን ጥርሶች ደግሞ ልብ በሉ። የሰገነቱ ጥርሶች አራት ማዕዘን ናቸው፤ ይሄ የጉዌልፎች ምልክት ይባላል። የማማው ጥርሶች ግን እንደ ወፍ ጭራ ለሁለት የተሰነጠቁ ናቸው፤ ይሄኛው የጊቤሊን ነው። የኡቤርቲን መሬት እንኳን ላለመርገጥ ቤት ያጣመሙ ሰዎች አናቱ ላይ የጊቤሊን ጥርስ መሰካታቸው ሁሌም ያስቀኛል።

ማማው ለምን መሃል ላይ አልሆነም?

ከሥሩ ሌላ ማማ ስላለ ነው። የፎራቦስኪ ቤተሰብ እዚያው ቦታ ላይ አሮጌ ማማ ነበረው። ግንበኞቹ እሱን ከማፍረስ ይልቅ ውጠውት አዲሱን ከላዩ አስቀጠሉት። አሮጌው ያለበት ቦታ መሃል ስላልነበረ አዲሱም ወደ ጎን ሆነ። ከፍታው 94 ሜትር ነው። ደግሞ ከታች ሆናችሁ ስታዩት ከፊት ግድግዳው ላይ ሳይሆን ወጣ ካለው ሰገነት ጫፍ ጋር እኩል ቆሟል፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ያንን ያህል ድንጋይ እዚያ ላይ ለማቆም መድፈር ቀላል አይደለም።

ትልቁ ደወል «ላ ቫካ» ይባል ነበር፤ ላሟ ማለት ነው። ድምፁ የላም እምቧታ ይመስላል ብለው ነው። ላሟ ከጮኸች ሕዝቡ ሥራውን ጥሎ ወደ አደባባዩ ይወጣል።

ገዢዎቹ እዚያው ይኖሩ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ለእኔ የዚህ ቤት ዋናው ታሪክም ይሄ ነው። ከተማዋን የሚመሩት «ፕሪዮሪ» የሚባሉ ሹማምንት ነበሩ፤ ከሙያ ማኅበራት የሚወጡ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች። መጀመሪያ ስድስት፣ በኋላ ስምንት ሆኑ። ከእነሱ ጋር የፍትሕ ሰንደቅ ያዥ የሚባል አንድ አለቃ አለ። ጠቅላላ ዘጠኝ ሰው።

የሥልጣን ዘመናቸው ስንት ነው? ሁለት ወር። አዎ፣ ሁለት ወር ብቻ። በእነዚያ ሁለት ወራት ከቤቱ እንደልብ መውጣት የለም። ከሚስትና ከልጅ ተለይቶ እዚያው ማደር፣ እዚያው በጋራ መብላት ነው። ያለ ፈቃድ ከሰው ጋር ለብቻ መነጋገርም አይቻልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውየው ቤቱ ካደረ ዘመድ ይመጣል፣ ባለጉዳይ ይመጣል፣ እጅ መንሻ ይመጣል። ስለዚህ ቆለፉበት። በእርግጥ ምግቡ መልካም ነበር፤ ወጥ ቤትና አሽከር አላቸው፣ በማዕድ ሰዓት ሙዚቀኛ ይነፋላቸዋል። የወርቅ እስር ነው።

ከ1328 ጀምሮ ደግሞ ሹመቱ በዕጣ ሆነ። ብቁ የተባሉ ሰዎች ስም ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ጊዜው ሲደርስ ልክ እንደ ዕቁብ ይወጣል። ወጣልህ እንጂ አሸነፍክ አይባልም። በወረቀት ላይ ሲታይ ማንም የማይቆጣጠረው ሥርዓት ነው። ችግሩ ከረጢቱ ውስጥ የማን ስም ይግባ የሚለውን የሚወስኑት ሰዎች ነበሩ። ሜዲቺዎች ከተማዋን የያዙት በሰይፍ ሳይሆን መጀመሪያ በዚያ ከረጢት ነው።

ድሆች ቤቱን ይዘውት ነበር ይባላል?

በሐምሌ 1378። «ቾምፒ» የሚባሉት የሱፍ ሠራተኞች ማኅበር እንዲኖራቸው አይፈቀድም ነበር። ማኅበር የሌለው ደግሞ ሹመት የለውም። ተነሱ፣ ቤቱን ያዙ፣ ሹማምንቱን አስወጡ። ሚኬሌ ዲ ላንዶ የሚባል የሱፍ ፋቂ ሰንደቁን ይዞ በባዶ እግሩ ደረጃውን ወጣ ይባላል፤ አለቃም ሆነ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ወንበር ላይ ሆኖ የቀድሞ ጓደኞቹን አመጽ መታ። አዲሱ ማኅበራቸውም ፈረሰ።

ከመስኮቶቹ ሰው ተሰቅሏል?

ተሰቅሏል፤ ያውም ሊቀ ጳጳስ። ሚያዝያ 26 ቀን 1478፣ እሑድ ነው። የፓዚ ቤተሰብና ግብረ አበሮቹ ካቴድራሉ ውስጥ ቅዳሴ ላይ የሜዲቺ ወንድማማቾችን ወጉ። ጁሊያኖ ሞተ፤ ሎሬንዞ ቆስሎ አመለጠ። በዚያው ሰዓት የፒዛው ሊቀ ጳጳስ ፍራንቼስኮ ሳልቪያቲ ሰዎቹን አስከትሎ ወደ ፓላዞው ሄዷል። ሐሳቡ ቤቱን በድንገት መያዝ ነው።

እዚህ ላይ ቤቱ ራሱ ሥራ ሠራ። የሊቀ ጳጳሱ ሰዎች የገቡበት ክፍል በር አንዴ ከተዘጋ ከውስጥ የማይከፈት ነበር። ገብተው ተቆለፈባቸው። ደወሉ ተደወለ፣ ሕዝቡ ወጣ። ሳልቪያቲ ልብሰ ጵጵስናውን እንደለበሰ ከመስኮት ተሰቀለ፤ ከአጠገቡም ፍራንቼስኮ ፓዚ።

ማማው ውስጥ እስር ቤት አለ?

አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ስሟ «አልቤርጌቶ» ነው፤ ትንሿ ሆቴል እንደማለት። የፍሎረንስ ሰው ቀልድ እንዲህ ነው። በ1433 ኮዚሞ ደ ሜዲቺ ታሰረባት፤ ከዚያ ወደ ስደት ተላከ፤ በዓመቱ አሸንፎ ተመለሰ። በ1498 ደግሞ ከተማዋን በስብከቱ ያንቀጠቀጣት መነኩሴ ሳቮናሮላ ገባባት። እሱ አልተመለሰም። ግንቦት 23 ቀን አደባባዩ ላይ ሰቅለው አቃጠሉት። ቦታው ላይ ክብ የድንጋይ ምልክት አለ፤ ሰዉ ሳያውቅ አይስክሬም ይዞ ይረግጠዋል።

ውጩ እንዲህ ሸካራ ሆኖ ውስጡ ለምን እንደ ሠርግ ቤት አጌጠ?

ባለቤቱ ስለተቀየረ ነው። በ1540 ከሜዲቺ ቤተሰብ የሆነው ወጣቱ መስፍን ኮዚሞ ቀዳማዊ ከሚስቱ ከኤሌኖራ ጋር ከነቤተሰቡ ገባበት። ከዘመዶቹ ቤት ወጥቶ በሕዝብ ቤት መኖር! መልእክቱ ለማንም አይጠፋም፤ ከእንግዲህ መንግሥትና የእኔ ቤት አንድ ናቸው ማለት ነው። ውጩን ግን አልነካውም። ይሄ ብልጠት ነው፤ ልብሱን ሳይቀይሩ ሰውየውን መቀየር።

ውስጡን ያሳመረለት ሠዓሊና የሕንጻ ባለሙያው ጆርጆ ቫዛሪ ነው። የመግቢያው ግቢ ቀደም ሲል በ1453 በሚኬሎዞ ታድሶ ነበር። በ1565 የኮዚሞ ልጅ ፍራንቼስኮ የኦስትሪያዋን ዮሐናን ሲያገባ፣ ሙሽራዋ አገሯ እንዳይናፍቃት ብለው ግድግዳው ላይ የኦስትሪያን ከተሞች ሳሉላት። ሥዕሎቹ በጣም ደብዝዘዋል። ለእኔ ግን ከቤቱ ሁሉ ደስ የሚለው ነገር ይሄ ነው።

በዚያው ዓመት ቫዛሪ ከዚህ ቤት ተነስቶ ወንዙን ተሻግሮ የመስፍኑ ሌላ ቤት እስከሆነው ፓላዞ ፒቲ የሚደርስ ከፍ ያለ የተሸፈነ መተላለፊያ ሠራ። በአምስት ወር ነው የጨረሰው። መስፍኑ ከሕዝብ ጋር ሳይጋፋ እንዲሄድ ነው። ድሮ ሹሙ ቤቱን ለቆ እንዳይወጣ ይቆለፍበት ነበር፤ አሁን ሕዝቡ ሹሙን እንዳያገኘው ሆነ።

የሊዮናርዶ ሥዕል ግድግዳው ውስጥ ተደብቋል የሚባለውስ?

ወሬው ያለው በአምስት መቶው አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ 54 ሜትር ርዝመት፣ 23 ሜትር ወርድ አለው። በሳቮናሮላ ጊዜ ከ1494 ጀምሮ ለታላቁ ምክር ቤት ነው የተሠራው።

ሪፐብሊኩ በ1503 ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን የአንጊያሪን ጦርነት እንዲስልበት ቀጠረው። ቀጥሎ ሚኬላንጄሎ የካሺና ጦርነትን እንዲስል ታዘዘ። ሁለቱ አይዋደዱም ነበር። እንደዚህ ያለ ፉክክር ከዚያ በኋላ የታየ አይመስለኝም። ውጤቱ ግን ባዶ ነው። ሚኬላንጄሎ ንድፉን እንደሠራ ጳጳሱ ሮም ጠሩት። ሊዮናርዶ አዲስ የዘይት ቀለም ዘዴ ሞከረ፤ ቀለሙ አልደርቅ አለ። እሳት ቢያነዱለት ወደ ታች ፈሰሰ። ትቶት ሄደ።

በ1560ዎቹ ቫዛሪ ጣሪያውን ሰባት ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ግድግዳዎቹን ፍሎረንስ በፒዛና በሲዬና ላይ ባገኘቻቸው ድሎች ሥዕል ሸፈነ። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ባንዲራ አለች። «ፈልግ፣ ታገኛለህ» ተብሎ ተጽፎባታል። አንዳንዶች ቫዛሪ የሊዮናርዶን ሥዕል ከጀርባ አስቀርቶ የጻፈው ጥቆማ ነው ይላሉ። በ2012 የቫዛሪን ሥዕል በትንንሽ ቀዳዳ በስተው ካሜራ አስገቡ። ጥቁር ቀለም አገኘን አሉ፤ ተቃውሞው በዛና ሥራው ቆመ። ሊዮናርዶ ግድግዳው ላይ ጭራሽ አልሳለም የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። እኔ ቢጠይቁኝ ያለውን ሥዕል ለሌለ ሥዕል ብሎ መብሳት ደግ አይደለም።

ደጃፉ ላይ ያለው ዳዊት እውነተኛው ነው?

አይደለም። የሚኬላንጄሎ ዳዊት እዚያ የቆመው በ1504 ነው። በ1873 ከዝናብና ከፀሐይ እንዲድን ወደ አካዴሚያ ሙዚየም ተወሰደ። አሁን የምታዩት ቅጂ በ1910 የቆመ ነው። በ1527ቱ ሁከት ከፓላዞው መስኮት በተወረወረ አግዳሚ ወንበር ግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ስብርባሪውን ያነሱት ሁለት ልጆች ናቸው ይባላል። አንደኛው ያው ጆርጆ ቫዛሪ ነው።

የማማው ሰዓት ተበላሽቷል? አንድ ዘንግ ብቻ ነው ያለው።

አልተበላሸም፤ ሰዓቱን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ደቂቃ የለውም። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ሰዓት የተሰቀለው በ1353 ነው። አሁን ያለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ደግሞ በዚያ ዘመን ጣሊያኖች ሰዓት የሚቆጥሩት ከፀሐይ መጥለቅ ጀምረው ነበር። ለፈረንጅ ጎብኚ ይሄን ማስረዳት ጣጣ ነው። ከንጋት ቆጥሮ አንድ ሰዓት የሚል ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኮዚሞ ቀዳማዊ ዓለምን በአንድ ክፍል የመሰብሰብ ሐሳብ ነበረው። የካርታ አዳራሽ ይባላል። ቁም ሳጥኖቹ በር ላይ ከሃምሳ በላይ ካርታዎች ተስለዋል፤ መሃሉ ላይ ግዙፍ የዓለም ሉል ቆሟል። ከካርታዎቹ በላይ ደግሞ የታላላቅ ሰዎች ምስል ተደርድሮ ነበር። ምስሎቹን ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የሚባል ሠዓሊ ኮሞ ከተማ ካለ ስብስብ እየገለበጠ ነው ያመጣቸው። ከእነዚያ መካከል የእኛው አጼ ልብነ ድንግል አሉ። በ1580ዎቹ መጨረሻ ስብስቡ አጠገቡ ወዳለው፣ ዛሬ ሙዚየም ወደሆነው ኡፊዚ ተዛወረ፤ ምስላቸው ዛሬም የኡፊዚ ንብረት ነው።

ከዚያም ቀደም ብሎ በ1441፣ በአጼ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን፣ ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፍሎረንስ መጥተዋል። ያኔ ማማው ከቆመ መቶ ዓመት አልፎታል። በየትኛውም በር ቢገቡ ሳያዩት አይቀሩም።

ለምን «አሮጌው» ተባለ?

ቬኪዮ ማለት አሮጌ ነው። ቤቱ በየዘመኑ ስሙ ተቀያይሯል፤ የሕዝብ፣ የፕሪዮሪ፣ የሲኞሪያ፣ የመስፍኑ ቤት። መስፍኑ ወንዙን ተሻግሮ ፒቲ ሲገባ ይሄኛው «አሮጌው ቤት» ሆኖ ቀረ። ከ1865 እስከ 1871 ፍሎረንስ የጣሊያን ዋና ከተማ ስትሆን የፓርላማው የተወካዮች ምክር ቤት በአምስት መቶው አዳራሽ ይሰበሰብ ነበር።

ለመጎብኘት ምን ልወቅ?

የመጀመሪያው ግቢ በነጻ ይገባል፤ ሙዚየሙና ማማው በትኬት ነው። ማማው ከ200 በላይ ደረጃ አለው፣ ሊፍት የለውም፣ ዝናብ ካለ ይዘጋል። የሊሊ አበቦች የተሳሉበትን የሊሊ አዳራሽ አትዝለሉ፤ የዶናቴሎ የዮዲት ሐውልት እዚያ ነው። ከጎኑ ያለው ክፍል የፖለቲካ ጸሐፊው ማኪያቬሊ ከ1498 እስከ 1512 በጸሐፊነት ከሠራበት መሥሪያ ቤት ጋር ይያያዛል። ከሥር ደግሞ የሮማውያን ቲያትር ፍርስራሽ አለ፤ ጊዜ ካላችሁ ውረዱ።

ቅዳሜ ከሄዳችሁ ደግሞ ሙሽሮች ልትገጥሙ ትችላላችሁ። ማዘጋጃ ቤት ስለሆነ ሰዉ ቀይ አዳራሽ በሚባለው ክፍል ይፈራረማል። ሩዝ የሚወረወረው ሊቀ ጳጳሱ በተሰቀሉበት ቤት ደጃፍ ነው።